ሞተሬን ላሳድሰው ወይስ ልቀይረው? ለኮሮላው ባለቤት

ጥያቄውን ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ልጁ የ2003 ሥሪት ኮሮላ አለው። ሞተሩ 1.8 ዋን ዜድዜድ ነው፣ ራይድ ይሠራበታል። ከሐዋሳ ሲመለስ መቂን እንዳለፈ የራዲያተር ጎማ ፈነዳበት። የሙቀት መርፌው ወደ ቀዩ ወጣ፣ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ወረደ፣ እሱም «ቀዘቀዘልኝ» ብሎ እስከ ዓለም ጤና ነዳው። እዚያ ሲደርስ ሞተሩ መንኳኳት ጀመረ፣ ጠፋ፣ አልነሳም አለ። ሰዎች ተሯሩጠው በጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ ደፉበት። አሁን ሞተሩ አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ውስጥ ወርዶ ተበትኗል። ያወረደው ጋራዥ «በ190 ሺህ ብር ሙሉ እድሳት እሠራልሃለሁ» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «እርሳው ባክህ፣ 280 ሺህ አምጣ፣ የዱባይ ሞተር (ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ሞተር) ልጫንልህ» ይለዋል። የቱ ይሻለኛል ነው የሚለው።

ወንድሜ፣ አይዞህ። በዚያ መርፌ የተሸወድከው አንተ ብቻ አይደለህም። መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው ሴንሰር የሚለካው የነካውን ውኃ ሙቀት ነው። ውኃው ሲያልቅ ሴንሰሩ ባዶ ላይ ይቀራል፣ መርፌውም ይወርዳል። ሞተሩ ግን የዚያን ጊዜ ነው የሚነደው። ያ መርፌ ሲወርድ ያየኸው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ሳይሆን የመጨረሻው ውኃ ሲያልቅ ነው። ጀሪካኑም አልጠቀመህም። የጋለ አሉሚኒየም ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ለመሰንጠቅ አሪፍ ዘዴ ነው። ሰዎቹ ለመርዳት ነው ያደረጉት፣ አልፈርድባቸውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። 190ን ከ280 ጋር አወዳድረህ ነው የመጣኸው፣ እኔን ያሳሰበኝም እሱ ነው። ሁለቱ ዋጋዎች የአንድ ሥራ ዋጋ አይደሉም። የላክልኝን ዝርዝር ሦስት ጊዜ አነበብኩት፦ ፋሻ (ፒስተኑን ዙሪያውን የሚያሽግ ቀለበት)፣ ብሮንዚን (ዋናው ዘንግ የሚዞርበት ስስ ቅርፊት)፣ ሙሉ ጓርኒሲዮን (በክፍሎቹ መሃል የሚገባ ማሸጊያ)፣ ቴስታታ ማስላግ (ፊቱን በማሽን ማስተካከል)፣ ዘይት፣ የእጅ ዋጋ። ፒስተን የለም። ሲሊንደር ማስፋት የለም። ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ስለመለካቱ አንድ ቃል የለም። የዘይት ፓምፕ የለም። ይሄ በኛ ሰፈር «ሙሉ እድሳት» የሚባለው ግማሽ እድሳት ነው። የድሮው ሲሊንደር ውስጥ አዲስ ፋሻ መክተት ማለት ነው። ሲሊንደሩ ክብነቱን አጥቶ ከሆነ አዲሱ ፋሻ ግድግዳውን በደንብ አይዘውም። ለሦስት ወር ጥሩ ይመስልሃል፣ ከዚያ ዘይት መጠጣት ይጀምራል፣ ስትመለስ «ዘይቱ ኦሪጅናል አልነበረም» ይሉሃል። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፦ ሞተር ሲከፈት ዋጋውም አብሮ ይከፈታል። 190 ተብሎ የተጀመረ ሥራ በ190 ሲያልቅ ያየሁባቸው ጊዜያት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ስለዚህ ማንንም ከመምረጥህ በፊት ይለካ። ሞተርህ አሁን ተበትኖ ተቀምጧል፣ ለመለካት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።

መጀመሪያ ቴስታታው። በደንብ ይታጠብ፣ የድሮው ጓርኒሲዮን ቅሪት ይነሳ፣ ከዚያ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቁመቱ፣ በጎኑ፣ በሁለቱም ሰያፍ ይጋደምበት። በማስመሪያውና በቴስታታው መሃል የምላስ መለኪያዋን (ውፍረቷ የታወቀ ስስ የብረት ቅጠል) ያስገቡ። የዚህ ሞተር ገደብ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። ከጸጉር ያነሰች ናት። ባለፈው የመጣልኝ አንድ ቴስታታ፣ ልክ እንዳንተ የነደደ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መሃል 0.15ቷ ምላስ ሳትነካካ ሽው ብላ ገባች። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ምንም ማስረዳት አላስፈለገኝም፣ ምላሷን ሰጥቼው ራሱ አስገባት።

ትንሽ ከተጣመመ ይላጋል። ብዙ ከሆነ ግን አልመክርህም። አንደኛ፣ ከታች ስታስልገው ታችኛው ፊት ቀጥ ይላል እንጂ ከላይ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) የሚቀመጥበት መስመር እንደተጣመመ ይቀራል። ሁለተኛ፣ በጣም የነደደ አሉሚኒየም ይለሰልሳል፣ የቀድሞ ጥንካሬው አይመለስም። እንዲህ ያለ ቴስታታ ቀጥ ብሎ ይገጠምና በሁለት ወሩ ጓርኒሲዮኑን መልሶ ያቃጥላል። ቴስታታ ብቻውን ይሸጣልና ለቴስታታ ብቻ ብለህ ሙሉ ሞተር አትቀይርም።

ውሳኔው ያለው ከታች ብሎኩ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ይለካ። በአንድ ሲሊንደር ስድስት ቁጥር፣ በአራቱ 24 ቁጥር ይወጣል። ፋብሪካው የሠራው 79 ሚሊ ሜትር አድርጎ ነው። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፈው ይስጡህ። «አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው» የሚል መካኒክ አልለካም። ጣት መለኪያ አይሆንም።

ይሁን እንጂ ጣት ለአንድ ነገር ይጠቅማል። የላክልኝ ፎቶ ላይ ሦስተኛው ሲሊንደር ግድግዳ ከላይ ወደ ታች የወረደ ጭረት አለ። ጥፍርህን በአግድም ጎትትበት። ጥፍርህ ሳይሰማው ካለፈ በድንጋይ ታሽቶ የሚጠፋ ነው። ጥፍርህን ጠቅ ካደረገ ግን ያ ሲሊንደር ካልሰፋ ወይም ሊነር (የብረት እጅጌ) ካልገባበት አይድንም። በአሸዋ ወረቀት አሽቼ አስተካክላለሁ የሚልህን ሰው አመስግነህ ውጣ።

ያንተ ሞተር ችግር እዚህ ጋ ነው። ዋን ዜድዜድ ብሎኩ አሉሚኒየም ነው። ውስጡ ብሎኩ ሲቀረጽ አብሮ የገባ ስስ የብረት ሊነር አለው። ቶዮታ ሲሠራው እንደ ድሮዎቹ ወፍራም የብረት ብሎኮች እየሰፋ ዕድሜ እንዲቀጥል አስቦ አይደለም። ስለዚህ «0.50 ሚሊ እናስፋውና ኦቨርሳይዝ (ከፋብሪካው ልክ የሰፋ) ፒስተን እንክተትበት» የሚለው ለሌሎች የሚሠራ መፍትሔ ለዚህ ሞተር ጥሩ መንገድ አይደለም። ያለው አማራጭ የድሮውን ሊነር በቶርኖ (ብረት በሚቆርጥ ማሽን) አውጥቶ አዲስ ማስገባት ነው። ይቻላል። ግን የሚሠራው ሰው እጅ ወርቅ መሆን አለበት፣ ማሽኑም ደህና መሆን አለበት። ሊነሩ በትንሹ ከላላ ወይም ከብሎኩ ፊት ዝቅ ካለ ጓርኒሲዮኑ አይዝም፣ ተመልሰህ መጀመሪያ ቦታህ ላይ ነህ።

አባዱላ ቢሆን ኖሮ፣ ማለት ፋይቭ ኤል ናፍጣ ቢሆን፣ ይሄን ሁሉ አልጽፍልህም ነበር። አሳድሰው ብዬህ እተኛ ነበር። ብሎኩ ድፍን ብረት ነው፣ ይሰፋል፣ ፒስተኑም በየልኩ ይገኛል፣ ያንን ሞተር አውርዶ የማያውቅ መካኒክም አዲስ አበባ ውስጥ የለም። የድሮዎቹ የብረት ብሎክ ኮሮላዎችም እንደዚያው። ሰው «የአጎቴ ኮሮላ ሁለት ጊዜ ወርዶ እስካሁን ይሄዳል» ሲልህ የሚያወራው ስለ እነዚያ ነው። እውነቱን ነው፣ ግን ያንተ ሞተር ሌላ ነው።

ያ መንኳኳትም አለ። ውኃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ ነበር ብለሃል፣ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ነበር ብለሃል። እንደዚያ ያለ ዘይት ብሮንዚኑን ከመፋተግ አይጠብቀውም። ብሮንዚኑ ሲያልቅ ቢየላው (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) ክራንክ ሻፍቱን ይመታዋል፣ ያ ነው የሰማኸው። ክራንክ ሻፍቱ ላይ ጭረት ካለ፣ አዲስ ብሮንዚን ብቻ አስገብቶ መዝጋት ገንዘብ መቅበር ነው። ቶርኖ ቤት ሄዶ ይታይ፣ በማይክሮሜትር ይለካ፣ ቢየላዎቹም ቀጥ ማለታቸው ይታይ። የዘይት መተላለፊያዎቹ በሙሉ ይታጠቡ። ብዙ ሰው ይሄን የመጨረሻውን ይዘለዋል፣ የድሮው ብሮንዚን ፍርፋሪ መተላለፊያው ውስጥ ቁጭ ብሎ አዲሱን ይጠብቃል።

እንግዲህ እንዲህ እንበል። ሲሊንደሮቹ ደህና ከወጡ፣ ጭረቱም ላይ ላዩን ከሆነ፣ ክራንክ ሻፍቱም ንጹሕ ከሆነ፣ የራስህን ሞተር ይዘህ ቆይ። ሌላ ቴስታታ ግዛ፣ ፋሻና ብሮንዚን ቀይር፣ የቴስታታውን ብሎኖች በአዲስ ተካ። ብሎኖቹ በ49 ኒውተን ሜትር ከጠበቁ በኋላ በ90 ዲግሪ ተጨማሪ የሚዞሩ ናቸው፣ በጉልበት ግምት አይጠብቁም። ይሄ ሁሉ ግን ብሎኖቹ የሚገቡባቸው የብሎኩ ጥርሶች በሙቀቱ ካልላሉ ነው። እሱንም ያረጋግጡልህ።

ጥፍርህን ጠቅ ካደረገ ግን፣ ፎቶውን አይቼ እኔ የምገምተው ደግሞ ጠቅ ያደርግሃል፣ የኔ ምክር ቀይረው ነው። ግን ነገ ጠዋት ሮጠህ አይደለም።

ቅድሚያ ወረቀቱ። ሊብሬህን አውጣና እይ። የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር አለበት። የሞተር ቁጥሩ የተመታው ብሎኩ ላይ ነው። ስለዚህ ቴስታታ ብትቀይር ቁጥሩ አይነካም፣ ብሎክ ወይም ሙሉ ሞተር ከቀየርክ ግን ሊብሬህና መኪናህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይናገራሉ። ለቦሎ ስትሄድ ያዩታል። ለመሸጥ ስትፈልግ ገዢው ያየዋል። ስለዚህ ሻጩን ከዋጋው በፊት የምትጠይቀው «ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ወረቀት) አለው ወይ?» ነው። በዲክላራሲዮኑ ላይ ያለው የሞተር ቁጥር ብሎኩ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። ደረሰኝም ይኑርህ። እነዚያን ይዘህ መንገድ ትራንስፖርት ትሄድና ሊብሬው ላይ ታስቀይራለህ። አሠራሩን አስቀድመህ እዚያው ጠይቅ፣ ሞተሩን ከጫንክ በኋላ አይደለም። «ወረቀቱ በኋላ ይመጣል» የሚል ሻጭ ካጋጠመህ አይመጣም። ምናልባትም ሞተሩ የሌላ ሰው መኪና ላይ የነበረ ነው፣ ሶማሌ ተራ ስትዞር ይሄን ለማወቅ ብዙ አይፈጅብህም።

ወረቀት ያለው ሞተር ጨርሶ ካጣህ ያኔ ሊነሩ ይሻልሃል። ቁጥርህ የራስህ ሆኖ ይቆያል። የማሳደስ ትልቁ ጥቅም እሱ ነው፣ ማንም አይናገረውም።

ከዚያ ሞተሩን ማየት። ቀለም የተቀባ ሞተር አያጓጓህ። አንድ ጊዜ ለደንበኛዬ ሞተር ልመርጥ ሄጄ ብርማ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ አሳዩኝ። ቴርሞስታቱ የሚቀመጥበትን ክዳን ፈታሁና ጣቴን ከተትኩ። ቡና አተላ የመሰለ ዝገት ይዛ ወጣች። ዕድሜውን ሙሉ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሳያይ የቧንቧ ውኃ ሲጠጣ የኖረ ነው። ጎኑ የነበረው፣ አቧራ የጠጣውና ማንም የማያየው ሞተር ውስጡ ንጹሕ ነበር። እሱን ወሰድን።

አንተም እንዲህ አድርግ። የዘይት ክዳኑን ክፈትና ከስር እይ፣ ጥቁር ቅርፊት ካለ ተወው። ካንዴላዎቹን (ብልጭታ ሰጪዎቹን) አውጣና ጎን ለጎን አስቀምጣቸው፣ አንዷ ብቻ በዘይት ከረጠበች ያቺ ሲሊንደር ታማለች። ሞተሩን በእጅ በቁልፍ ሁለት ዙር ሙሉ አዙረው፣ የሚይዝበት ቦታ ካለ ጥያቄ ነው። ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) ሳይለካ ብር አትቁጠር። ወለል ላይ እንዳለ በሞተሪኖ (በማስነሻው) አዙሮ መለካት ይቻላል፣ ባትሪው ግን ሙሉ ይሁን።

ኮምፕሬሽን ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርህ። የፋብሪካው መጽሐፍ ለዚህ ሞተር ዝቅተኛው 145 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ነው ይላል። ያ ቁጥር ለባሕር ወለል ነው። አዲስ አበባ ግን ከፍታ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሲሊንደሩ የሚጨምቀው አየር ከመጀመሪያውም ያንሳል ማለት ነው። ስለዚህ እዚህ 120 ያሳየ ሞተር የሞተ አይደለም። እኔ የማየው ልዩነታቸውን ነው። አራቱም 125 አካባቢ ከሆኑ ደስ ይለኛል። ሦስቱ 130፣ አንዱ 95 ከሆነ ግን ኧረ አይሆንም። የዝቅተኛዋ ውስጥ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርገህ ድገመው። ከፍ ካለ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው፣ ካልተንቀሳቀሰ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው።

የዋን ዜድዜድ ቀደምት ምርቶች ዘይት የመብላት ጠባይ እንዳላቸውም እወቅ። የፒስተኖቹ የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው፣ በካርቦን ይደፈናሉ፣ የዘይት ፋሻውም ይያዛል። ከተቻለ የኋለኞቹን ዓመታት ሞተር ፈልግ። ሞተሩ ላንተ መኪና መግጠሙንም አረጋግጥ። «ዋን ዜድዜድ ነው» ብቻ አይበቃም፣ የሴንሰሮቹና የሶኬቶቹ አቀማመጥ፣ መኪናህ አውቶማቲክ ይሁን ማንዋል፣ ሁሉም ይታያል። የተበተነውን የራስህን ሞተር ፎቶ ይዘህ ሂድ፣ የራስህ ኮይሎችና ሴንሰሮች ካሉም አትጣላቸው፣ ከሚመጣው የተሻሉ ሊሆኑ ይችላሉ።

ዋስትናውን በጽሑፍ ተቀበል። ስንት ቀን፣ ምን ምን ያካትታል፣ ካልሠራ ገንዘብ ይመለሳል ወይስ ሌላ ሞተር ይሰጣል፣ የማውረድና የመጫኛውን የእጅ ዋጋ ማን ይችላል። የመጨረሻው ላይ ነው ጠብ የሚነሳው።

አሁን ሒሳቡን እንደገና እንሥራው። 280ው ላይ ከመጫኑ በፊት መቀየር ያለባቸውን ጨምር። ውኃ ፓምፕ፣ ቴርሞስታት፣ የኋላና የፊት የዘይት ሲል፣ ቤልት፣ ዘይትና ፊልትሮ፣ ኩላንት። ሞተሩ ወለል ላይ እያለ እነዚህን መቀየር የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው፣ ከተጫነ በኋላ የቀን ሥራ ይሆናል። 190ው ላይ ደግሞ የጎደሉትን ጨምር። ሊነር ለአራቱም፣ ፒስተን፣ የክራንክ ሻፍት ሥራ፣ የዘይት ፓምፕ፣ ሌላ ቴስታታ። አሁን ሁለቱ ዋጋዎች ምን ያህል እንደተቀራረቡ ራስህ ታየዋለህ። ይልቁንም እድሳቱ ሊበልጥ ይችላል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተለቀቀ ወዲህ ኦሪጅናል ፒስተንና ብሮንዚን ዋጋው የት እንደደረሰ ተክለ ሃይማኖት ሄደህ መጠየቅ ነው።

ቀኑንም ቁጠር። አንተ ራይድ ነህ፣ መኪናው ቆሞ በዋለ ቁጥር የቀን ገቢህ ይቀራል። ሞተር መጫን በደህና ጋራዥ ሁለት ሦስት ቀን ነው። ቶርኖ ቤት ተመላልሶ የሚሠራ እድሳት ሦስት ሳምንት ቢፈጅ አይግረምህ፣ «ነገ ና» የምትለዋን ቃል ታውቃታለህ። የዚያን ቀን ሁሉ ገቢ 190ው ላይ ደምረው።

«ሸጬው ሌላ ልግዛ» ያልከውን ግን አልስማማም። ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተወስኗል። ያለው ያለው ነው። ሞተሩ የተበተነ መኪና ስትሸጥ ገዢው ጥገናውን ሳይሆን ፍርሃቱን ይቀንስብሃል፣ እጥፉን ያወርድብሃል። ሠርተህ ሽጠው፣ መሸጥ ካለብህ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ሞተሩን የገደለው ሰው ገና አልተያዘም። ጎማው ለምን ፈነዳ? አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ግን ራዲያተሩ ተደፍኖ ከሆነ፣ ክዳኑ ግፊት የማይለቅ ከሆነ፣ ወይም ፋኑ የማይነሳ ከሆነ፣ አዲሱም ሞተር እዚያው መቂ ላይ ይሞትብሃል። አዲስ አበባ ላይ ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ሞተርህ ደግሞ መደበኛ ሙቀቱ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ውኃው እንዳይፈላ ይዞ የሚያቆየው በክዳኑ የታፈነው ግፊት ነው። ያቺ ትንሽ ክዳን ላይ አትሰስት። ራዲያተሩን አሳጥበው ወይም ቀይረው፣ ጎማዎቹን በሙሉ አስቀይር፣ ፋኑ ሲነሳ በዓይንህ እይ። ከዚያ ወዲህ ውኃ ሳይሆን ኩላንት።

ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ጥፍርህን ጎትትና ምን እንዳለህ ጻፍልኝ። 24ቱን ቁጥሮችም ካገኘህ የወረቀቱን ፎቶ ለጥፈው፣ አብረን እናነበዋለን። እስከዚያ ለማንም ቀብድ አትስጥ።